ገመዱ ያንተ ነው

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለልጆቼም አልነገርኩም። በየጁምዓው አጠገቤ ለሚሰግዱት፣ ቦንጋ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አብረውኝ ለነገዱት ሰዎችም ትንፍሽ አላልኩም። ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬዋለሁ፤ ለእሱም የነገርኩት ከረፈደ በኋላ ነው። እናንተ የማታውቁኝ ሰዎች ስለሆናችሁ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። ብዕር ስይዝ ግን አልቀለለኝም።

ሰይድ እባላለሁ፤ የአገሩ ሰው ጋሽ ሰይድ ይለኛል። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ቦንጋ ማር መነገድ ጀመረ፤ እኔም ሱቁንም መጋዘኑንም ከእሱ ወረስኩ። ማር ከገበሬ እንገዛለን፤ ከማንኪራ መንደር በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ደግሞ የራሳችን ቀፎዎች ነበሩን። ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፍ ላይ ነው። ቀረሮ የሚባለውን ዛፍ ከሥሩ ቆማችሁ ጫፉን ለማየት ቀና ስትሉ ባርኔጣችሁ ከኋላችሁ ይወድቃል። እዚያ ላይ የሚወጡ፣ ቀፎ የሚሰቅሉና ማር የሚቆርጡ ሰባት ሰዎች ነበሩን። ሁሉም የማንኪራ ልጆች ናቸው፤ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ከእኛ ጋር የሠሩ።

ሲወጡ አንድ ወፍራም ገመድ በግንዱና በወገባቸው ዙሪያ አዙረው ያስሩታል። ግንዱን በእግራቸው እየረገጡ፣ ገመዱን ወደ ላይ እየወረወሩ፣ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ከዚያ ገመድ በቀር የሚይዛቸው ነገር የለም።

አባቴ በሕይወት ሳለ ገመዶቹ የሚቀመጡት በእኛ መጋዘን ነበር። በየዓመቱ ቀፎ የሚሰቀልበት ወቅት ሊደርስ ሲል ሰባቱንም አውጥቶ ግቢው ውስጥ ይዘረጋቸዋል። ከዚያ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳበሰ ያልፋል። የሳሳ ካገኘ ቆራርጦ ያነደዋል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ “አባባ፣ ይሄ እኮ ቢቀጠል ይሠራል” ስለው ጮኸብኝ። እንዴት እንደሚዳበስ ያስተማረኝ ያን ዕለት ነው። የደከመ ገመድ ከላዩ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሲጫኑት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረካከሳል። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት እንደማልችል ከወዲሁ እንድትይዙልኝ ነው የምነግራችሁ።

አባቴ ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ ይኑረው የሚለው ሕግ መጣ። አንድ ከጅማ እየተመላለሰ ደብተሬን የሚሠራልኝ አካውንታንት ነበር፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ቅን ሰው። ሱቅ ውስጥ አስቀመጠኝና “ጋሽ ሰይድ፣ እነዚህን ሰባት ሰዎች ወይ በፔሮል ሠራተኛ ያድርጓቸው፣ ወይ በኮንትራት ያሠሯቸው፤ መሀል ላይ መንጠልጠል የለም” አለኝ። ልዩነቱንም ዘረዘረልኝ። ሠራተኛ ከሆኑ ጡረታቸው አለ፣ የዓመት ፈቃዳቸው አለ፣ ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስባቸው ማሳከሙና መካሱ በአሠሪው ላይ ነው። በኮንትራት የሚሠራ ሰው ግን በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ያስረክባል፤ የሠራበትን ይቀበላል፣ አለቀ።

“ቢወድቅስ?” አልኩት።

“ያው የራሱ ኃላፊነት ነዋ” አለኝ።

እኔ ነኝ የጠየቅኩት። እሱ ስለ መውደቅ አላነሳም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ገና ወረቀቱ ሳይጻፍ፣ ገና ምንም ሳይሆን፣ አእምሮዬ ከዛፍ የሚወድቅ ሰው አይቶ ነበር። ካየሁት በኋላ ምን አደረግኩ? ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ከተነሳሁ አይቀር፣ አዎ፣ ደስ አለኝ። ከጫንቃዬ ላይ ሸክም የወረደ ያህል ነው የተሰማኝ። ንግዱ ሊከስር ደርሶ አልነበረም፤ ልጆቼ አልተራቡም። ሰባት ሰው በፔሮል ለመያዝ አቅም ነበረኝ። እኔ የፈለግኩት ሥራቸውን እንጂ እነሱን አልነበረም።

በኮንትራት ማሠራት በራሱ ግፍ ነው አልልም። የመጋዘኔን መደርደሪያ የሠራልኝ አናጢ የራሱ ሰው ነበር። መጋዙን ይዞ ይመጣል፣ ካልተመቸው “በሚቀጥለው ሳምንት” ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል፤ ብቆጣም አይሰማኝም። ማር የሚያደርስልኝ ባለባጃጅም እንደዚያው። ሰባቱስ? ዛሬ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚወጡ የምነግራቸው እኔ፤ ሲያረፍዱ የምቆጣቸው እኔ። ወልዴ የሚባለው አንድ ጊዜ የአክስቱ ለቅሶ ላይ ለመድረስ ሱቄ ድረስ መጥቶ ፈቃድ ጠይቆኛል፤ እኔም አስቤበት ነው የፈቀድኩለት። ለለቅሶ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የራሱ አለቃ ነው? ይህን እያወቅኩ ነው ውሉን ያስጻፍኩት።

ያስቸገረን ገመዱ ብቻ ነበር። አካውንታንቱ ገመዶቹን መጋዘን ውስጥ ተሰቅለው አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። መሣሪያው የእኔ ከሆነ ውሉ ዋጋ የለውም አለ። “ለእነሱ ይስጧቸውና ይውጣ። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት ሲባጎ እንኳ እንዳይሰጡ፤ ከሰጡ አሠሪ ነዎት” አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ማሳመር እወዳለሁ። ሰባቱን ግቢዬ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ለእኛም ለእነሱም በሚሆን መንገድ ምግብ አዘጋጀሁ፤ ቆጮውም፣ ሥጋውም፣ ማሩም ቀረበ። ከዚያ ተነስቼ “ከዛሬ ጀምሮ የማንም ሠራተኛ አይደላችሁም፤ የራሳችሁ ጌቶች ናችሁ። የአባቴን ገመዶችም ለእናንተ ሰጥቻለሁ” ብዬ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ወረቀቱ ላይ በየተራ በጣታቸው ፈረሙ። ወልዴ ገመዱን ሲቀበለኝ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ሹመት የተሰጣቸው መስሏቸው እየመረቁኝ ሄዱ። ያን ዓመት ገመዶቹን አልዘረጋኋቸውም፣ አልዳበስኳቸውም። የእኔ አይደሉማ!

ስለ ወልዴ ትንሽ ልንገራችሁ። ከሰባቱ ጎበዙ እሱ ነበር፤ ሌሎቹ የሚፈሩትን ዛፍ እሱ እያፏጨ ይወጣዋል። አማርኛው የቤቱ ቋንቋ ስላልሆነ ቃል ይቆጥባል፤ ቀልድ ግን አይቆጥብም። ማር ሊያስረክብ ሲመጣ “ጋሼ፣ ትናንት ከዛፍ ላይ ሱቅዎን አየሁት፤ ደንበኛ የለም፣ እርስዎ ተኝተዋል” እያለ ያስቀኛል። ዘነበች የምትባል ሚስት ነበረችው። ልጅ አልነበራቸውም። እሱና እሷ፣ ሁለቱም የሚኖሩት በእሱ እጅና እግር ነበር።

ውሉ በተፈረመ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወልዴ ሱቅ መጣ። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

“ጋሼ፣ ይሄ ገመድ ደክሟል። እዚህ ጋ ይንኩት። እኔ ፈራሁት” አለኝ።

ነካሁት። አባቴ እንዳስተማረኝ በሁለት ጣቴ ይዤ ጫን አልኩት። ውስጡ ተፈረካከሰ። ከኋላዬ ሚስማር ላይ ለጭነት ማሰሪያ የገዛሁት አዲስ ጥቅል ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። ወልዴ አየው፤ አልጠየቀኝም፣ አየው ብቻ። እጄን ወደ ኋላ ብዘረጋ ይደርስበታል። ሌላ ጊዜ ለጎረቤት ስንት ክንድ ቆርጬ በነፃ ሰጥቻለሁ! ለዚያ ሰው ግን መስጠት አልቻልኩም፤ ከሰጠሁት አሠሪው ልሆን ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። አንዲት ሲባጎ እንኳ።

“ወልዴ፣ ገመዱ ያንተ ነው። የራስህን ገዝተህ ቀይር” አልኩት።

“እሺ ጋሼ። ቅዳሜ ለገበያ ስወርድ እገዛለሁ” አለኝ።

በዚህ እንኳ ባበቃ። ገመዱን ጠቅልሎ ሊወጣ ሲል ጠራሁት። “የቀሩት ቀፎዎች ግን እስከ ሐሙስ ተሰቅለው ይለቁ፤ ዓርብ ሰው ይዤ ላሳይ እመጣለሁ” አልኩት። ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ ሊመጣብኝ ነበር። ወልዴ “እሺ” ብሎ ሄደ። ወረቀቱ በራሱ ጊዜ የሚሠራ ሰው ነው ይል ነበር። እኔ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት ሐሙስን ቆረጥኩበት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወደቀ። ቀፎውን ቅርንጫፍ ላይ አስተካክሎ ሊያስር ወደ ኋላ ሲደገፍ ገመዱ ተበጠሰ። አብረውት የነበሩት ሁለቱ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አደረሱት፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሐኪም ቤት። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ፤ ዳሌውም ዳግመኛ እንደ ልቡ አልታዘዘለትም። ወሬው ሱቄ ሲደርስ የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ማን ነበር የሚለው ነው። ማንም አለመኖሩን ሳስታውስ እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ።

ማንኪራ ውስጥ ከሌላ ክልል ተመድቦ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ነበር። ለወልዴ ቆመለት። “ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፤ ይህ ሰው ሠራተኛ ነው” እያለ ክስ ሊያስመሠርት ተነሳ። ወልዴ ግን ከጋሼ ጋር ፍርድ ቤት አልቆምም፣ በሽማግሌ ይለቅ አለ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሁለቱ ከማንኪራ፣ አንዱ ከእኛ ከነጋዴዎቹ። ወልዴን በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው እንደተጋደመ ከመሀል አደረጉት። ዘነበች በሩ ሥር ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አስነበቡ፣ መምህሩን ሰሙ፣ ብዙ ተመካከሩ። በመጨረሻ ነገሩን አንድ ጥያቄ ላይ አሳረፉት፦ ገመዱ መድከሙን ወልዴ ነግሮኝ እያለ ሥራው ይድረስልኝ ካልኩት ሕክምናውም ካሳውም ዕድሜ ልኩን መጦሩም በእኔ ላይ ነው፤ ካልነገረኝ ግን ገመዱም ውድቀቱም የራሱ ነው። ወልዴ ነግሬያቸዋለሁ ብሏል። እኔስ ምን እላለሁ?

እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ነግሮኛል፣ አዎ። ግን ያን ጊዜ ሌሎቹን ስድስቱን አሰብኩ፤ ለአንዱ ካመንኩ ለሁሉም ማመኔ ነው። ከእነሱ ይልቅ ደግሞ ስሜን አሰብኩ። ደጉ ጋሽ ሰይድ ሰው ሊሞት እያየ ገመድ ነፈገ ይባላል። የእኛው ነጋዴ ሽማግሌ ሊረዳኝ ብሎ “በል፣ ማልና ይለቅ” አለኝ።

“ወላሂ፣ አልነገረኝም” አልኩ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ማልኩ። ምላሴ አልተሳሰረም፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማልኩ።

ወልዴ ካለበት ሆኖ አየኝ። ይሰድበኛል፣ ይረግመኛል ብዬ ጠበቅኩ። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። የራሱን ቤት በር ከፍቶ የማያውቀው ቤት ውስጥ የገባ ሰው ይመስል ነበር።

“ጋሼ ከማሉ…” አለ። “ጋሼ በአላህ ስም አይዋሹም። እኔ ልነግራቸው አስቤ ይሆናል እንጂ አልነገርኳቸውም ማለት ነው። ከወደቅኩ ወዲህ ጭንቅላቴም ልክ አይደለም” አለ።

መምህሩ ከመቀመጫው ተነሳ። “ወልዴ! ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አሳየሁት አላልከኝም?”

“ተሳስቼ ነው፣ መምህር።”

ዘነበች ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አድርጋ አየች። ያየችው እኔን አይደለም፤ ባሏን ነው። ያን አስተያየት ያኔ ልብ አላልኩትም። ነገሩ ለእኔ ተፈርዶ አበቃ።

ከዚያ በኋላ በቆሎ ላክሁላቸው፣ ብርድ ልብስም ላክሁላቸው። ሰው ሁሉ “ሳይፈረድበት የሚረዳ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?” አለ። ወሬው ለጆሮዬ ሲደርስ ዝቅ ብዬ “ምን አደረግኩ ብላችሁ ነው” እል ነበር። ምስጋናውንም በላሁት። ለቀሩት ስድስቱ ደግሞ አዲስ ገመድ አልገዛሁላቸውም፤ አሁንም አንዲት ሲባጎ እንኳ አልሰጠሁም። ንግዴ ሰፋ። መምህሩ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። ከዚያ ስኳር ያዘኝ፤ አንድ የእግሬ ጣት ቆስሎ አልድን ብሎ ተቆረጠ። ተኝቼ ሳለ ሊጠይቁኝ የመጡ አንድ ሼህ፣ የእኔን ጉዳይ ሳያውቁ፣ አላህ በእሱና በባሪያው መካከል ያለውን እንደሚምር፣ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ ይቅር ሳይል እንደማይነሳ ተናገሩ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሆዴ ውስጥ ገባ። ኅዳር ላይ ቆሜ መሄድ እንደቻልኩ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ የቀረውን በዱላ እየተደገፍኩ ማንኪራ ሄድኩ።

ወልዴ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቀፎ ይሠራ ነበር። አሁን ቀፎ ሠርቶ ለገበሬ ይሸጣል። “ጋሼ! በእግርዎ?” ብሎ ሊነሳ ሲታገል ያዝኩት። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ መውደቅ ከውሉ በፊት መጠየቄን፣ ገመዱን ነክቼ ማወቄን፣ ሐሙስን፣ መሐላዬን። ስናገር እጁ ሥራውን አላቆመም ነበር። ስለ መሐላው ስነግረው እጁ ቆመ።

“ታዲያ ነግሬዎት ነበር?” አለኝ።

“ነግረኸኛል።”

“ማክሰኞ ጠዋት? አዲሱ ገመድ ከኋላዎ ተሰቅሎ?”

“አዎ።”

“እኔ እኮ አብጃለሁ ብዬ ነበር” አለ። ከዚያ ጎጆውን ዞሮ አየ፤ እኔም አብሬው አየሁ። በሩ ተዘግቷል፣ ደጁ አልተጠረገም።

“ዘነበች ሁልጊዜ ትናገረኝ ነበር” አለ። “‘ብትነግራቸው ኖሮ ይሰጡህ ነበር። ጋሽ ሰይድ ደግ ሰው ናቸው። ስንፍናህ ነው ቤታችንን ያፈረሰው’ ትለኛለች። እኔም እውነትሽን ነው እላለሁ። ምን ልበል? መስከረም ላይ ቀበርኳት። እስክትሞት አላመነችኝም። እኔም ራሴን አላመንኩም።”

እግሩ ላይ ወድቄ ዐፉ በለኝ አልኩት። ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። ዋጋ እንደሚነግር ሰው በዝግታ ነው የተናገረው።

“ስለ እግሬ ይቅር ብዬዎታለሁ። ስለ እሷ ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? እሷ ናት ይቅር የምትል፣ እሷ ደግሞ የለችም።” ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ በሕይወት አሉ። “እነሱን ይጥሩና ፊታቸው ይናገሩልኝ። ነግሬያቸው እንደነበር ሰው ይወቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም” አለኝ።

እሺ አልኩት። እጁን ይዤ እሺ አልኩት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት የማር ወቅት አልፏል። አንዴ አመመኝ አልኩ፣ አንዴ የልጄ ሠርግ ይለፍ አልኩ። ዛሬ ደግሞ ተቀምጬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ጻፍኩ። ይህን መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ቤት ከመሄድ የሸሸሁበት ሌላ መንገድ ነው። ሕጉን አልከስም፣ አካውንታንቱን አልከስም፣ ጊዜውንም አልከስም። እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ እኔ ነኝ የማልኩት፣ እኔ ነኝ እስካሁን ዝም ያልኩት። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም።

ወልዴ ዛሬም ማንኪራ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሽማግሌዎቹ እስኪጠሩ ይጠብቃል።